ስለ ዕድልና ስለ ገድ፥ በእግዚአብሔርም ስለ መታመን፤ በትንቢተ ኢሳይያስ ምዕራፍ 65 ቁጥር 11 ላይ የተሰጠ ሐተታ

ነቢዩ ኢሳይያስ በምዕራፍ 65 ቁጥር 11 እግዚአብሔርን የተዉትን፥ የተቀደሰውንም ተራራ የረሱትን ሰዎች ሲወቅስ፥ ለጋድ ማዕድ እንዳሰናዱ፥ ለሜኒም የተቀላቀለ ወይን በጽዋ እንደ ሞሉ ይነግራቸዋል። ጋድና ሜኒ በዚያ ዘመን የአሕዛብ አማልክት ስሞች ናቸው፤ በመጽሐፈ ኢያሱ ምዕራፍ 11 ቁጥር 17 በኣልጋድ የሚባል ስፍራ መኖሩ አምልኮው በምድረ ከነዓን የቆየ እንደ ነበረ ያስረዳል። ጋድ መልካሙን አጋጣሚ ያመጣል፥ ሜኒም ለሰው ሁሉ ክፍሉን ቈጥሮ ይሰጣል ተብሎ ይታመንባቸው ነበር። ሰብዓ ሊቃናት መጽሐፉን ከዕብራይስጥ ወደ ጽርእ በመለሱ ጊዜ ጋድን ጋኔን ብለው፥ ሜኒንም ዕድል በሚል ቃል ተረጐሙት። እንግዲህ ዕድልን የሚያመልክ ሰው ለማን እንደሚሰግድ ከዚህ ትርጓሜ ይታወቃል።

አንድም፥ የያዕቆብ ሚስት ልያ ባሪያዋ ዘለፋ ወንድ ልጅ በወለደች ጊዜ ስሙን ጋድ ብላዋለች (ዘፍ. 30፥11)። ይህ ልጅ ከ12ቱ የነገድ አባቶች ተቈጠረ እንጂ ስለ ስሙ አልተነቀፈም። ስለዚህ ነቢዩ የተቈጣው በስሙ መጠራት አይደለም፤ በማዕዱ መሰናዳት ነው። ሰው ደስ ባለው ጊዜ ቃሉን ሊናገረው ይችላል፤ ነገር ግን ከእንጀራው ቈርሶ ያቀረበለት እንደ ሆነ ጌታ አድርጎታል።

የቃሉንም ምሥጢር መመልከት ይገባል። ሜኒ የሚለው ስም በዕብራይስጥ ቈጠረ፥ መደበ ከሚለው ግሥ ጋር የተሳሰረ ነው። ነቢዩ በቁጥር 12 ያንኑ ግሥ መልሶ በራሳቸው ላይ አዞረው፤ መዳቢ ብላችሁ ወይን ቀዳችሁለት፥ እግዚአብሔር ግን እናንተን ለሰይፍ መደባችሁ ማለቱ ነው።

በአማርኛም ነገሩ ከዚህ አይርቅም። ዕድል የሚለው ቃል ዐደለ፥ ከፍሎ ሰጠ ከሚለው የተገኘ ስለ ሆነ፥ የታደለ ሰው ማለት የተሰጠው ሰው ማለት ነው። ተቀባይ ካለ ሰጪ መኖሩ ግድ ነው። ዳሩ ግን ሰው የጎረቤቱ ልጅ ከሕመም ሲድን፥ እህሉም ሲሰምርለት ባየ ጊዜ ታድሎ ይላል እንጂ ማን እንዳደለው አይጠይቅም። ዕጣም እንዲሁ ነው፤ በትግርኛ ዕጫ ይባላል። መጽሐፈ ምሳሌ በምዕራፍ 16 ቁጥር 33 ዕጣ በጉያ ቢጣል ፍርዱ ከእግዚአብሔር እንደ ሆነ ያስተምራል፤ ሐዋርያትም በይሁዳ ስፍራ ማትያስን በዕጣ ሲለዩ አስቀድመው ጸልየዋል (የሐዋ. 1፥24-26)። ገድ የሚባለው ግን ከሁለቱ የተለየ ነው። ሰጪ የለውም፥ ጸሎትም አይቀድመውም፤ ከወፍ ድምፅ፥ በመንገድ ከተገኘ ባዶ እንስራ፥ በማለዳ ከታየ ሰው ፊት የሚነሣ ነው። በድምፁም ከዚያ ከከነዓን ጋድ ጋር መቀራረቡ ሊቁን የሚያሳስብ ነገር ነው።

ስለ ቀን መምረጥ መጽሐፍ ቅዱስ አንድ ታላቅ ምስክር አለው። ሐማ የአይሁድን ወገን ሊያጠፋ ባሰበ ጊዜ በአርጤክስስ በ12ኛው ዓመተ መንግሥት ፉር የሚባለውን ዕጣ ከቀን ወደ ቀን፥ ከወርም ወደ ወር አስጣለ (አስቴር 3፥7)። ዕጣውም በ12ኛው ወር በአዳር ላይ ወደቀ። ይህ ለሐማ እጅግ መልካም ቀን መሰለው፤ ነገር ግን በዕጣውና በቀኑ መካከል የነበረው ጊዜ አስቴር የምትጾምበት፥ መርዶክዮስ የሚከብርበት፥ ሐማም በሠራው ግንድ ላይ የሚሰቀልበት ጊዜ ሆነ። ቀን መራጩ የመረጠውን ቀን ሳያይ ሞተ። በዓሉም እስከ ዛሬ በዚያው በዕጣው ስም ፉሪም ይባላል።

ሰኞ የሚቆመው የመቀሌ ገበያ ስፍራ በትግርኛ ዕዳጋ ሰኑይ ይባላል። ለብዙ ዘመን የጨው ነጋዴዎች አሞሌውን ከአፋር በረሓ በግመልና በበቅሎ ጭነው፥ በበራሕሌ በኩል ሽቅብ እየወጡ ወደ መቀሌ ያደርሱት ነበር። ገበያው የሚቆምበትን ቀን ታላቁም ታናሹም ያውቀዋል፤ የግመሉም ጥም የሰውን ኮከብ አይጠብቅም። ቀን የሚያስመርጥ ሰው ሥራ የሌለው ወይም ሥራውን የፈራ ሰው ነው ቢባል ከእውነት የራቀ አይሆንም።

በዚህ ነገር ይበልጥ የሚያሳዝነው ግን የተማረው ሰው ነው። በባሕረ ሐሳብ ትምህርት ዐመተ ዓለሙ፥ ይኸውም በ5500 ላይ ዓመተ ምሕረቱ ተደምሮ፥ በ19 ይገደፋል፤ ከቀረው አንዱ ስለ ዘመን ተትቶ ወንበር ይሆናል፤ ወንበሩም በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ አበቅቴ ይወጣል። በዚህ ቍጥር ጾሙና በዓሉ ይታወቃል፥ ሕዝቡም በአንድ ቀን ይጾማል፥ በአንድ ቀንም ይፈስካል። ይህ ቅዱስ ሥራ ነው። ያው ቈጣሪ ግን ወደ ቤቱ ተመልሶ ዐውደ ነገሥት የሚባለውን መጽሐፍ ይገልጣል፤ የጠያቂውን ስምና የእናቱን ስም ፊደል በቍጥር ደምሮ በ12 ይገድፋል፤ በቀረውም ኮከብህ ይህ ነው፥ ሚስት አታግባ፥ ወይም ከዚህ አገር ውጣ ብሎ ይፈርዳል። ስሌቱ ወንድማማች ይመስላል፤ ነገር ግን የፊተኛው የጸሓይንና የጨረቃን መንገድ ይከተላል፥ የኋለኛው የሚከተለው ነገር የለም። እናቷ ለተማርያም የምትባል ለተብርሃን በትግራይ ስንት ትገኝ ይሆን? ሁሉም በአንድ ቀን ሊያገቡ፥ በአንድ ቀንም ሊሞቱ ነውን? ደግሞ ክርስቲያን ሁለት ስም አለው፤ አንዱ የቤት፥ አንዱም የክርስትና ነው። በአንዱ ሲቈጠር ሐመል፥ በሌላው ሲቈጠር ዓሣ ከወጣ ሰውየው በየትኛው ይኖራል? ሳውል ጳውሎስ በተባለ ጊዜ የተለወጠው ልቡ ነበር እንጂ ኮከቡ አይደለም።

ወደ ክታብ እንሂድ ቢባል ነገሩ ይከብዳል፤ ጸሓፊው ብዙ ጊዜ ከቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት የወጣ ደብተራ ነውና። ክታብ በጠባብ ብራና ይጻፋል፤ ርዝመቱም በባለቤቱ ቁመት ልክ ይሆናል ይባላል። በውስጡ ስለ ባርያና ስለ ሌጌዎን የሚደገም ጸሎት፥ ሕፃናትን ታጠፋለች ስለምትባለው ስለ ውርዝልያና ስላሸነፋት ስለ ሱስንዮስ የሚነገር ታሪክ፥ ደግሞም ትርጓሜ የሌላቸው አስማት አሉበት። ልጆች የሞቱባት ሴት ታስጽፈዋለች፥ በቁርበትም አስፍታ በአንገቷ ትይዘዋለች። የሴቲቱን ሐዘን ማንም አይንቀው። ነገር ግን በጳሪስና በሎንዶን ባሉ ቤተ መጻሕፍት እንደነዚህ ያሉ ብዙ ክታቦች ተቀምጠው ይገኛሉ፤ በብዙዎቹም ላይ የባለቤቲቱ የክርስትና ስም ወለተ እገሌ ተብሎ ተጽፎ እስካሁን ይነበባል። ጠባቂ የተባለው ብራና በመስተዋት ውስጥ ተጠብቆ ይኖራል፤ ትጠበቅ የተባለችው ግን ካረፈች ዘመን ሆናት።

እዚህ ላይ፥ ክታቡ የጌታን ስም የያዘ አይደለምን? ጳውሎስስ ጨርቁ ድውያንን ይፈውስ አልነበረምን? የሚል ይነሣል። መልሱ በዚያው በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ይገኛል። በቁጥር 12 ከጳውሎስ አካል የተወሰደ ጨርቅ ሕመምተኞችን አዳነ፤ በሚቀጥለውም ቁጥር የአስቄዋ 7 ልጆች ጳውሎስ በሚሰብከው በኢየሱስ እናምላችኋለን እያሉ አጋንንትን ሊያወጡ ሞከሩ። ስሙ አንድ ስም ነው። ጳውሎስ ስሙን ያመልከው ነበር፥ እነርሱ ግን እንደ መዶሻ ያዙት። ጋኔኑም ኢየሱስንና ጳውሎስን እንደሚያውቅ፥ እነርሱን ግን እንደማያውቃቸው ነግሮ አቍስሎና አራቍቶ ሰደዳቸው። ከዚህ በኋላ በኤፌሶን አስማት ያደርጉ የነበሩ ሰዎች መጽሐፎቻቸውን ሰብስበው በሰው ሁሉ ፊት አቃጠሉ፤ ዋጋውም ቢታሰብ 50,000 ብር ሆነ። ሽጠው ለድኆች እንስጥ አለማለታቸውን አንባቢ ልብ ይበል፤ ለራሳቸው የማይሆነውን ለሌላ ሊሸጡ አልወደዱም።

የተቀደሰ ነገር ደግሞ ገድ ሊደረግ እንደሚችል መጽሐፍ ደጋግሞ ያሳያል። ሙሴ በእግዚአብሔር ትእዛዝ የሰቀለው የናስ እባብ ሕዝቡን አድኖ ነበር፤ በኋላ ያጠኑለት በጀመሩ ጊዜ ንጉሥ ሕዝቅያስ ሰባበረው፥ ስለዚህም ተመሰገነ (2ኛ ነገ. 18፥4)። ታቦትን በሚያከብር አገር ከዚህ ይልቅ የሚያስፈራው 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 4 ነው። እስራኤል ንስሐ ሳይገቡ፥ የዔሊንም ልጆች ኃጢአት ሳያርቁ፥ ታቦቱን አምጥተን በመካከላችን ብናደርገው ያድነናል ብለው ወደ ሰልፍ አወጡት። በዚያ ቀን 30,000 እግረኛ ወደቀ፥ ታቦቱም ተማረከ። ታቦቱ ቅዱስ መሆኑ አልቀረም፤ በፍልስጥኤም አገር ዳጎንን ጥሎ ቅድስናውን አሳየ። ነገር ግን ለክታብ አልተሰጠም። በሕፃኑ አንገት የሚታሰር ማዕተብም ይኸው ነው፤ የክርስቶስ መሆኑን የሚመሰክር ምልክት ነው እንጂ ፍላጻ የሚመልስ ጋሻ አይደለም። ሰማዕታት ማዕተባቸው በአንገታቸው ሳለ ታርደዋል።

በኢትዮጵያ ነገሥታት ይህን ነገር በብርቱ የተከራከረ ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሠው ዐፄ ዘርአ ያዕቆብ ነው። በአክሱም ሥርዓተ ንግሥ ፈጸመ፤ መጽሐፈ ብርሃንንና መጽሐፈ ሚላድን አስጻፈ፤ ጠንቋይንና ደስክ የሚባለውን አምልኮ አወገዘ፤ ሕዝቡም በግንባራቸውና በእጃቸው የሃይማኖት ቃል እንዲጽፉ አዘዘ። ዜና መዋዕሉ እንደሚለው ፍርዱ ከገዛ ልጆቹ አልተመለሰም። ዳሩ ግን በዚያ ዘመን የሐሰት ከሳሾችም ተነሥተው ብዙ ሰው ተጎዳ። ሟርትን በፍርሃት ማጥፋት ፍርሃትን ያበዛል፤ ሟርት የሚኖረው ደግሞ በፍርሃት ነው። ይኸው ንጉሥ በሰማይ ላይ የታየውን ታላቅ ብርሃን ባየ ጊዜ፥ ይህም ሊቃውንት በ1448 ዓ.ም. የወጣው ጅራታም ኮከብ ነው የሚሉት ነው፥ የራሱን ዕድል አላስቈጠረበትም፤ ቤተ ክርስቲያን ሠራበት፥ ስፍራውም ደብረ ብርሃን ተባለ።

ከሟርት ፍሬ ሁሉ የከፋው ሰውን ቡዳ ማለት ነው። ብረት ቀጥቃጩ፥ ሸክላ ሠሪዋ፥ ቆዳ ፋቂው ዓይናቸው ይበላል ተብለው ከማዕድና ከጋብቻ ተለይተው ኖረዋል። የሚያስደንቀው ይህ ነው፤ ካህኑ የሚባርክበትን መስቀል፥ ጸናጽሉንና ጽናሐውን የሚሠራው ያው እጅ ነው። እግዚአብሔር የድንኳኑን ዕቃ ባሠራ ጊዜ ባስልኤልን በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ሞላው፥ ወርቅና ብር ናስም እንዲሠራ እንዳደረገው ተጽፏል (ዘጸ. 31፥2-5)። ጌታም ራሱ ጸራቢ ተብሏል (ማር. 6፥3)። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አወጁ። አዋጁ ከወጣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖ ሳለ ስድቡ ፈጽሞ አለመጥፋቱ ለነገሥታት ሳይሆን ለመምህራን ነቀፋ ነው።

ክፉ ነገር በመጣ ጊዜ ሰው በማን ገድ መጣ ማለቱ የኖረ ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በቆየው ክፉ ቀን የከብት ዕልቂት የአገሩን ላምና በሬ አብዛኛውን ፈጀ፥ ከእርሱም ተከትሎ ረኃብ ሆነ። በሽታው በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ በመጡ ከብቶች እንደ ገባ በኋላ ታወቀ። የማንም ዓይን አላመጣውም። ሐኪሞች ምክንያቱን ፈልገው፥ ክትባቱንም አግኝተው ብዙ ዘመን ከደከሙ በኋላ በ2003 ዓ.ም. ይህ በሽታ ከምድር ሁሉ መጥፋቱ ተነገረ። ጎረቤቱን ሲጠረጥር ለኖረ ሰው ግን ላሙ አልዳነችለትም፥ ጎረቤቱንም አጣ። ጌታ የሰሊሆም ግንብ ወድቆ የገደላቸውን 18 ሰዎች ባነሣ ጊዜ ከሌላው ይልቅ በደለኞች አልነበሩም አለ (ሉቃ. 13፥4)። በመላጥያም ሰዎች ጳውሎስን እፉኝት ሲይዘው ነፍሰ ገዳይ ነው አሉት፥ ምንም ሳይሆን ሲቀር ደግሞ አምላክ ነው አሉት (የሐዋ. 28፥3-6)። የገድ ፍርድ እንዲህ ነው፤ በአንድ ሰዓት ውስጥ ሁለቱንም ይላል፥ ሁለቱም ሐሰት ነው።

እንግዲህ በእግዚአብሔር የሚታመን ሰው መልካም ብቻ ያገኘዋልን? በዚህ ጥያቄ ብዙ አዋቂዎች ይሰናከላሉ፤ ክታቡን ጥለው እምነታቸውን ክታብ ያደርጉታልና። መልሱን ለማየት ከመቀሌ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1870ዎቹ ዓ.ም. መቀሌን መናገሻ አድርገው፥ ጣልያናዊው አናጢ ጃኮሞ ናሬቲ የሠራላቸውን ቤተ መንግሥት አቁመው፥ አብያተ ክርስቲያናት ተክለው፥ በቦሩ ሜዳ ስለ ሃይማኖት ጉባኤ አድርገው የኖሩ ንጉሥ ነበሩ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. በመተማ ቆስለው ሞቱ፥ አገሩም በክፉ ቀን ውስጥ ወደቀ። በገድ ሚዛን የሚመዝን ሰው ምን ሊል ነው? ኢዮስያስንም እንዲሁ ሊል ነው። ኢዮስያስ መናፍስት ጠሪዎችንና ጠንቋዮችን ከይሁዳ ያስወገደ፥ እንደ እርሱ ያለ ንጉሥ አልነበረም የተባለለት ነው (2ኛ ነገ. 23፥24-25)፤ በመጊዶ ሰልፍ ከግብጹ ንጉሥ ከኒካዑ ጋር ተዋግቶ ሞተ። መጽሐፈ ዜና መዋዕል ምክር አለመስማቱን አይሰውርም። ኤርምያስ ግን አለቀሰለት፥ ገደ ቢስ ግን አላለውም። እምነት ከሞት የማያስመልጥ ከሆነ ጥቅሙ ምንድር ነው ለሚል፥ ሦስቱ ልጆች በባቢሎን እሳት ፊት የመለሱት በቂ ነው፤ አምላካችን ሊያድነን ይችላል፥ ባያድነንም ለጣዖትህ አንሰግድም ማለታቸው ነበር (ዳን. 3፥17-18)። ባያድነንም የሚለው ቃል በዐውደ ነገሥት ውስጥ አይገኝም።

መታመን ማለት እጅን አጣምሮ መቀመጥ እንዳይመስል ደግሞ፥ ከመቀሌ በላይ ያለውን የእንዳ ኢየሱስን ኰረብታ ማስታወስ ይበቃል። በ1888 ዓ.ም. በዚያ ምሽግ የገባውን የጣልያን ጦር በጀግንነት ብቻ ለመያዝ ተሞክሮ ብዙ ሰው አለቀ። እቴጌ ጣይቱ ግን ውኃው ከምሽጉ ውጭ መሆኑን አስተውለው ምንጩን አስያዙ፤ ጦሩም በጥር ወር በጥም ምክንያት ምሽጉን ለቀቀ። የሚጸልይ ሰው ዓይኑን አይጨፍንም።

የቀረው ነገር ከሁሉ ይከብዳል። ከጥቅምት 24 ቀን 2013 እስከ ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. በትግራይ በነበረው ጦርነት የብዙ ሰው ልጅ ወጥቶ ቀረ። ሰላሙ ከተፈረመ በኋላ እንኳ ወላጆች ከወሬ በቀር የሚያውቁት አልነበረም፤ የወደቁት መርዶ ለየቤተ ሰቡ በይፋ የተነገረው፥ የሐዘንም ቀን የታወጀው በጥቅምት 2016 ዓ.ም. ነው። እናት በነዚህ ወራት ሁሉ ልጄ አለ ወይስ የለም ብላ ብትጠይቅ፥ ካህናትም ዝም ቢሉ፥ ወደ ጠንቋይ ደጅ ብትሄድ ማን ይፈርድባታል? ሳኦልም እግዚአብሔር በሕልም ቢሆን በነቢይም ቢሆን ሳይመልስለት በቀረ ጊዜ ወደ ዓይንዶር ሄደ (1ኛ ሳሙ. 28፥6-7)። ያገኘውም ሞቱን መስማት ብቻ ነበር። እግዚአብሔር ዝም ያለበትን ነገር የሚሸጥ ነጋዴ ሁልጊዜ አይጠፋም፤ አለ ቢላት ገንዘቧን ይወስዳል፥ የለም ቢላት ደግሞ የማያውቀውን ሐዘን ያስይዛታል።

ወደ ካህኑ የመጣች እንደ ሆነ ግን የሚሰማት ሰው ታገኝ። ተዝካር ላውጣ ወይስ ልጠብቅ ብላ ስትጠይቀው፥ የማያውቀውን አላውቅም ማለት ይገባዋል፤ ይህን ለማለት አንዳንዱ ሊቅ ያፍራል። የልጁን የክርስትና ስም ይጠይቃት፤ ጠንቋዩ ሊቈጥረው የሚጠይቀውን ስም ካህኑ ሊጠራው ይጠይቃል። በቤተ ክርስቲያን መስተብቍዕ ስለ ነጋድያን፥ ይኸውም መንገድ ስለ ሄዱ ሰዎች፥ የሚጸለይ አለ፤ ስላረፉትም የሚጸለይ አለ። ስሙን የሚያኖርበት ስፍራ ግራ ቢያጋባውም፥ መርዶ እስኪመጣ ድረስ ከመንገደኞቹ ጋር ይጥራው።